ከኅዳግ የሚነበብ መዝገብ

ኢንተርኔት ላይ እንግዳና አስገራሚ ነገር ማደን የራሱ ወዳጆች ያሉት ልማድ ሆኗል። አንዱ በጃፓን ከተሞች መንገድ ላይ ያሉትን ባለ ጌጥ የቱቦ ክዳኖች ይሰበስባል፤ ሌላው በሶቪየት ዘመን የተሠሩ እንግዳ ቅርጽ ያላቸውን የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ያሳድዳል። ወሎ ውስጥ ቢስቲማ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ እንዲህ ያለውን በስልኩ ሲያገላብጥ የሚያመሽ ወጣት፣ የገዛ አገሩን ድንቃድንቅ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ፎቶዎች የያዘ ቋት መኖሩን መስማቱን እጠራጠራለሁ። ስሙ መዝገበ ሥዕላት ነው። ያቋቋሙት በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁሩ ማይክል ጀርቨርስና በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ ናቸው። ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም፤ መግቢያው የይለፍ ቃል ቢፈልግም ቃሉ ለሁሉም የተሰጠ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ቋት የሚያውቁት በአብዛኛው ለጽሑፋቸው ምስል የሚለቅሙበት ቦታ አድርገው ነው። እኔ ግን ራሱን የቻለ ሥራ፣ የራሱ አወቃቀር፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ አንጻር ያለው ድርሰት አድርጌ ልመዝነው እፈልጋለሁ። ስብስብ ሁሉ ምርጫ ነውና ካሜራው ወዴት እንደዞረ፣ መዝጋቢው ለየትኛው ዝርዝር ስም እንደሰጠ፣ የቱን ዘሎ እንዳለፈ ሁሉ ስለ ደራሲዎቹ ይናገራል።

አወቃቀሩ በጉዞ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ምስል የፎቶ አንሺውን ስም መነሻ ፊደላት፣ ፎቶው የተነሣበትን ዓመት፣ የተከታታዩን ቁጥርና በተከታታዩ ውስጥ ያለውን ተራ የሚናገር መለያ ተሰጥቶታል። ኤም ጂ ብሎ የሚጀምረው የጀርቨርስ ነው። ምስሎቹን በየርዕሱ ሳይሆን በዚህ ተራ የተከታተለ ተመልካች የመስክ ጉዞ ሲተረክ ያያል፤ ከውጭ ገጽታው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው ሥዕል፣ ከግድግዳው ወደ ብራናው ይገባል። መጽሐፉ ክፍት ሆኖ የሚታየው አንዳንዴ በካህን እጅ ነው፤ ጣቱ ከፎቶው ጠርዝ ይገባል፣ የቀን ብርሃን ቅጠሉን በሰያፍ ይመታዋል። የታተመ የሥዕል መጽሐፍ ቢሆን ይህ ሁሉ ተከርክሞ ሥዕሉ ብቻ ይቀር ነበር። እዚህ ግን ሥዕሉ ከነአካባቢው፣ ከነጠባቂው ተይዟል። የሥራው ትልቁ የአቀራረብ ብልጫ ይህ ይመስለኛል።

ለድንቃድንቅ ፈላጊው የሚበጀውም ይኸው የትዕግሥት ዐይን ነው። የተለመደ ጎብኚ ላስታ ካለችው ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ዋሻውንና የግንቡን ጥቁርና ነጭ ድርብ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። መዝገበ ሥዕላት ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ላይ ይቆያል፤ በእንጨት ክፍልፋዮች መካከል ያሉትን የጂኦሜትሪ ቅርጾች፣ አእዋፍና እንስሳት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ትኩረት አይደለም፤ ሁለቱ መሥራቾች ስለዚህችው ቤተ ክርስቲያንና ስለ ግድግዳ ሥዕሎቿ እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት አሳትመዋል። በላሊበላ ቤተ ማርያም ከመግቢያው በላይ በድንጋይ የተቀረጹትን ፈረሰኞችና ውስጥ ያሉትን ሁለት የሚዋጉ በሬዎች፣ አንዱን ጥቁር ሌላውን ነጭ፣ በደብረ ዳሞ ገዳም ጣሪያ እንጨት ላይ የተቀረጹትን ግመል፣ አንበሳና ዝሆን ለሚወድ ሰው ደግሞ እዚህ ማወዳደሪያ ሞልቷል። ቅድስናን ብቻ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እነዚህን ያልፋቸዋል። የጥንቱ ባለ እጅ እንዴት ይጫወት እንደነበር ማወቅ የሚሻ ግን የሚቆየው እነሱ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬ የግራፊክስ ባለሙያ ትምህርት የሚሆኑት የክታብ ጥቅሎች ናቸው። ደብተራው ብራናውን በባለጉዳዩ ቁመት ልክ ይሰፋል፣ በጸሎቱ መካከል ስሙን ይጽፋል፣ ጽሑፉንም በጠልሰም ይከፋፍላል፤ በመረብ መካከል የተቀመጠ ፊት፣ ከኮከብ ጨረር መሀል የሚያፈጥ ዐይን። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ይፋቅና አዲሱ ይገባበታል። ዲዛይን ለተገልጋዩ አካል ተለክቶ ይሠራ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የወንጌል መጽሐፍ ሐረግ፣ የድጉሱ ማኅተም፣ የማኅደሩ ስፌትም እንዲሁ ናቸው፤ በእኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ውስጥ በግርጌ ማስታወሻ የሚያልፉት ሁሉ እዚህ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው ይቀርባሉ።

ብዛቱ ራሱም የትንተና መሣሪያ ነው። በባህላዊው ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉው በአንድ ዐይኑ በጎን ይሣላል የሚለውን ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕጉ የት እንደጠበቀ፣ የት እንደላላ ለመመርመር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሥዕል ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን ካደራጁት አንዱ የሆኑት የስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የቀደሙ ፎቶዎች ስለተጨመሩ፣ አንድ ሥዕል በዓመታት ውስጥ ያጣውን ቀለም መከታተልም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነቀፋዬ ነው፤ መጀመሪያ የማነሣውም ከላይ የገለጽሁትን የምስል መለያ ነው። አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስሙን ሳይተው አልፏል። የ15ኛው ክፍለ ዘመኑ ፍሬ ጽዮን ስማቸው ከታወቀላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ሠዓሊው ስም ባልተወበት ሥዕል ላይ አሁን የፎቶ አንሺው ስም ተቀምጧል፤ በዓለም አቀፍ ጥናቶች ሥዕሉ የሚጠቀሰውም በዚያ መለያ ነው። ለመዝገብ አያያዝ ይህ ትክክለኛ አሠራር መሆኑን አልክድም፣ ምንጩን በታማኝነት ይናገራልና። ነገር ግን ከደብሩ ስም የሚነሣ ተጓዳኝ መለያ ቢኖር የትኛውም ሳይንሳዊ ጥቅም ባልተጓደለ ነበር።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። የፍለጋው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆን የቦታና የቅዱሳን ስሞችም በምሁራን የላቲን ፊደል አጻጻፍ፣ ከነነጥቡና ከነሰረዙ ተመዝግበዋል። የአብነት ትምህርት ቤት ጨርሶ የተአምረ ማርያምን ሥዕል ከአንድ ጥቅሻ የሚለይ መሪጌታ ስለ በላዔ ሰብእ ሊፈልግ ቢመጣ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ሥዕሉን አይቶ የማያውቅ የአውሮፓ ተማሪ ግን ዘው ብሎ ይገባል። የምስሎቹ መግለጫም አጭር ነው። እዚህ ላይ ፍርዴ ይከፈላል። ባልተረጋገጠ ዘመን አለማስጌጡ የምሁር ጨዋነት ነው፤ ባለሙያ ላልሆነ አንባቢ ግን የሚያየው ለምን አስደናቂ እንደሆነ የሚነግረው ማንም የለም። ስብስቡ ባለሙያን በጥሩ ሁኔታ ያገለግላል፣ ጀማሪን ግን እጁን ይዞ አያስገባም።

ሦስተኛው ነቀፋ ከቢስቲማ ሆኖ ሲታይ የሚጎላው ነው። ቢስቲማ ባለችበት በወረባቦና በዙሪያው ያደገ ሙስሊም መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው በአመዛኙ የጎረቤቱን የክርስቲያኑን ቅርስ ነው። በወሎ የሚገኙት ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ለእስልምና ትምህርት የነበራቸውን ስፍራ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው መጽሐፋቸው አሳይተዋል። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ የጻፉት የአማርኛ መንዙማ ለድንቃድንቅ ፈላጊ ከማንኛውም ጠልሰም የማያንስ ግኝት ነው። መዝገቡ ስለ ሥዕል ነውና የእስልምና ጽሑፍ ምን ያደርግበታል የሚል መልስ ይኖር ይሆናል። መልሱ አይበቃም፤ መዝገቡ መስቀል፣ ሕንፃ፣ ጨርቅና የመጽሐፍ ጥራዝ ይዟልና የወሎ መስጊድ ግንብ፣ የቁርኣን ጌጥና የቆዳ ሽፋን በዚያው መስፈርት ይገቡ ነበር። የእስልምናውን ቅርስ መመዝገብ ግን የሌሎችም ሥራ ነው መባል አለበት፤ አሌሳንድሮ ጎሪና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ሆኖም ያ የሚነበብ ዝርዝር እንጂ በዐይን የሚዞሩበት ስብስብ አይደለም።

ከእኩያው ጋር ማነጻጸር ፍርዱን ያጠራዋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ነው። በካታሎጉ ላይ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ደክመዋል። እዚያ ቁጥር 1832 ተብሎ የተመዘገበው ከቢስቲማ ብዙም የማይርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው፤ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ተጽፎ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን ምስልና በገዳሙ የነበሩትን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይና ቢጫው ጠፍቷል። የጽሑፉ ምንነት፣ የባለቤቶቹ ስም፣ የኅዳግ ማስታወሻው ግን በሊቅ እጅ ተብራርቷል። መዝገበ ሥዕላት ቀለሙንና አካባቢውን ሲሰጥ ማብራሪያውን ይነሣል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ከፍቼ ማየትን እመርጣለሁ፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለዐይን ቶሮንቶን፣ ለአእምሮ ሚኒሶታን እላለሁ።

ቅርስን በአደባባይ ማሳየት ሌባን ይጠራል የሚል ስጋት በካህናቱ ዘንድ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ተገኝቶ በ2001 ሲመለስ መልኩ የታወቀ መሆኑ ሳይረዳ አልቀረም። ምስሉ የሌለው ቅርስ ለሌባው የበለጠ ይመቻል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉ ሲሰማ ከዕቃው እኩል ያሳዘነው፣ የእያንዳንዱን ዕቃ መልክ ለማንም በይፋ የሚያሳይ እንዲህ ያለ መዝገብ አለመኖሩ ነው።

የመጨረሻው እንከን የዘመኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በስብስቡ ውስጥ በሚታዩት አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ያለ ሰው ሊከፍተው አይችልም ነበር። አንድን ደብር የሚመለከቱት ምስሎች ብቻ በፍላሽ ተቀድተው ለደብሩ፣ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤትና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቢሰጡ የአማርኛ መግለጫውን የሚጽፍ ተማሪም ከዚያው ይገኛል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ምስሎቹ ተነሥተዋል፣ ስሞቹን የሚያውቁት ሽማግሌዎችም እስካሁን በሕይወት አሉ።

እስከዚያው መዝገቡን እንዳለ የሚከፍት ሰው በፍለጋው ሣጥን አይጀምር። ከላስታ የይምርሐነ ክርስቶስን ተከታታይ ይምረጥ፣ ግድግዳውን ይለፍና ጣሪያው ላይ ይቁም፤ አንዱን እንስሳ ይዞ ወደ ደብረ ዳሞው እንጨት ይሂድ። በዚህ መንገድ ሲያነቡት መዝገቡ መግለጫው ቢያጥርም ብዙ ይናገራል።