የሚጠይቀው ኢማም፦ በሙስሊም ቻፕሊኖች ላይ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሲመዘን

ሶፊ ጊሊያት ሬይ፣ መንሱር ዐሊ እና ስቲቨን ፓቲሰን በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «አንደርስታንዲንግ ሙስሊም ቻፕለንሲ» በብሪታንያ ሆስፒታሎች፣ እስር ቤቶችና ሌሎች ተቋማት የሚያገለግሉ ሙስሊም ቻፕሊኖችን ያጠናል። ቻፕሊን የምንለው በተቋም ውስጥ ተመድቦ ለታመመ፣ ለታሰረ ወይም ለተጨነቀ ሰው መንፈሳዊ እንክብካቤ የሚሰጠውን ነው። አገልግሎቱ የተቀረጸው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ በእንግሊዝ የ1952ቱ የእስር ቤቶች ሕግ ቻፕሊኑ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን እንዲሆን ይደነግጋል። ኢማሙ ለረጅም ጊዜ የሚገባው በጎብኚነት ነበር፤ የእስር ቤቶቹ አስተዳደር የመጀመሪያውን የሙስሊሞች አማካሪ የሾመው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ሥራው ኢማሙን ራሱን እንዴት እንደሚለውጠው ማሳየቱ ነው። በመድረሳ የሠለጠነው ሲጠየቅ ለመመለስ ነው። ልጇን ያጣች እናት «ለምን?» ስትል ግን የቀደር ትምህርት እንዲሰጣት መጠየቋ አይደለም። አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ «በሽተኛ መጠየቅ» ስንል ጠያቂው የሄደው ሰው ነው። ዐረብኛው «ዒያዳ»ም መመለስን፣ ደግሞ መምጣትን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ስሙ እንጂ ሥራው ለኛ እንግዳ አይደለም። (የጀናዛ ምዕራፍ ሲቀራ የዒያዳን ክፍል በአንድ ትንፋሽ የምናልፈው እኛው ነን።)

ቅር የሚለን ሌላ ነው። መጽሐፉ በዋናነት የማኅበራዊ ጥናት ነውና የፊቅሁን ጥያቄ እስከ ፍጻሜው አይከተለውም። ሙስሊም ያልሆነን በሽተኛ ለመጠየቅ በማስረጃነት የሚቀርበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለግላቸው የነበረውን አይሁዳዊ ልጅ መጠየቃቸውን ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ነው። ብዙዎች ግን እኩሌታውን ብቻ ይጠቅሳሉ፤ በዚያው ሐዲስ ነቢዩ ልጁን ወደ ኢስላም ጠርተውታል። ቻፕሊን ግን በተቋሙ ውስጥ ሃይማኖቱን እንዳይሰብክ ይከለከላል። ታዲያ ሱናውን ትቷልን?

አልተወም እንላለን። ልጁ ነቢዩን አስቀድሞ የሚያውቅ አገልጋያቸው ነበር፤ አባቱም አጠገቡ ነበር፤ ልጁ ወደ አባቱ ተመለከተ፣ አባቱም ታዘዛቸው አለው። ቻፕሊኑ ግን ወደማያውቀው ሰው አልጋ የሚቀርበው ተቋሙ በሩን ስለከፈተለት ነው። የገባበት ቃል አማና ነው፤ አቅም ያጣን ሰው በዚህ በር ገብቶ መጥራት አማናውን ማጉደል ነው።

የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ክርስቲያኑ በሽተኛ «ካህን ጥራልኝ» ቢለው ኢማሙ መልእክቱን ያድርስ? በኛም ሆስፒታሎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቻፕሊኖች በተግባር የሚያደርጉትን ከእንዲህ ያለ ጥናት ልንማር እንችላለን፤ ብያኔውን ግን የምንጠብቀው ከዑለማዎቻችን ነው።