የአዕዋፍን ማዕድ ስለ ማንጻት

ብዙ ወገኖቻችን በሰፈሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ በጓሮዬ የወፍ መመገቢያ ሰቅዬ፣ በበረዶው ወራት ለአዕዋፍ እህል ማቅረብን እንደ መደበኛ ሥራ ከያዝሁ ወዲህ፣ ከእህሉ ምርጫ ይልቅ አብልጦ የሚያሳስበኝ የዕቃው ንጽሕና ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሀውስ ፊንች የምትባለው፣ ወንዱ ራሱና ደረቱ የቀላ ትንሽ ወፍ፣ ዓይኗ አብጦና መግል ቋጥሮ በመጀመሪያ የታየችው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በብርዱ ወራት፣ በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ነበርና። ደዌው ማይኮፕላስማ ጋሊሴፕቲኩም ከሚባል፣ አስቀድሞ በዶሮና በተርኪ ላይ ይታወቅ ከነበረ ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ምሥራቃዊ ክፍል አዳርሶ በብዙ ቦታ የዚህችን ወፍ ቁጥር በግማሽ ያህል አሳነሰው። ሀውስ ፊንች ራሷ በምሥራቁ ምድር መጻተኛ ናት፤ የጥንት አገሯ ምዕራቡ ሆኖ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከወፍ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቁት ዘር ናት፤ አብልጬ የማዝንላትም ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

ደዌው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ ቀርቦ መመልከት ይበቃል። የታመመችው ወፍ ላባዋን ነፍታ፣ ሌሎቹ ጥላ አይተው ብር ሲሉ እርስዋ ብቻዋን ትቀራለች፤ የሱፍ ፍሬውን ለማውጣት ራሷን በመመገቢያው ቱቦ ቀዳዳ ስታስገባ እንባ የሚያፈሰው ዓይኗ ጠርዙን ያብሳል፤ ከእርስዋ በኋላ የምትመጣው ጤነኛይቱ ወፍም ራሷን በዚያው ቀዳዳ ታስገባለች። ብዙዎቹም የሚሞቱት በደዌው ኃይል ሳይሆን፣ ማየት ተስኗቸው በረኃብ ወይም በጭልፊትና በድመት ነው።

በአገራችን ባለቤት ማዕድ ከማቅረቡ በፊት እንግዳውን እጁን ያስታጥባል፤ እነዚህን እንግዶች ግን ማስታጠብ የማይቻል ስለ ሆነ፣ መታጠብ ያለበት ማዕዱ ነው። አሮጌውን እህል ደፍቼ ዕቃውን አስቀድሜ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ እፈትገዋለሁ፤ በረኪና እድፍ ባለበት ኃይሉን ያጣልና። ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጬ 10 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ሽታው እስኪጠፋም አለቀልቀዋለሁ። ከሁሉ ይልቅ የማልቸኩልበት ማድረቁ ነው፤ እርጥበት የቀረበት ዕቃ እህሉን ያሻግታል፣ ሻጋታውም የወፎቹን ሳንባ ይጎዳል። ይህን ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ፣ ዝናብ ሲበዛ ወይም ወፎቹ ሲበረክቱ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ማድረግ ይገባል። ከመመገቢያው ሥር የሚከማቸው ገለባና ኩስም መጠረግ አለበት፤ ሳልሞኔላ የሚዛመተው በዚህ ነውና፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ፓይን ሲስኪን የተባሉትን ትንንሽ ወፎች በፈጀ ጊዜ ሰዎችም ታመዋል። ስለዚህ ጓንት ሳያጠልቁ፣ ወይም የራሳችን ሳሕን በሚታጠብበት ስፍራ፣ ይህን ዕቃ ማጠብ አይገባም።

መድኃኒት በውኃ በጥብጠው ለዱር ወፎች የሚያቀርቡ ርኅሩኃን አሉ፤ አሳባቸው መልካም ቢሆንም እኔ አልስማማበትም፤ የትኛይቱ ወፍ ምን ያህል እንደ ጠጣች የሚያውቅ የለምና፣ በግማሽ የዳነችውም ደዌውን ተሸክማ ልትዞር ትችላለች። ድውይ ወፍ ሲታይ የሚበጀው፣ ለልብ የሚከብድ ቢሆንም፣ መመገቢያውን አውርዶ 2 ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። በብርድ ጊዜ እህል መከልከል ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን የዱር ወፍ ከእኛ እጅ የምታገኘው ከምግቧ ከፊሉን ብቻ ስለ ሆነ፣ ስንከለክላቸው ወደየዱሩ ይበተናሉ፤ መበተናቸውም ደዌውን ያዳክመዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዓይኗ ያበጠ ወፍ በደጅህ ያየህ እንደ ሆነ፣ ዕቃውን በዚያው ቀን አውርድ፤ ለጎረቤትህም ንገረው፤ ከአንተ ጓሮ የተነሣችው ወፍ ወደ እርሱ ጓሮ ትሄዳለችና።