ፍራንክሊን ያላረመው ስሕተት

ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሃይማኖቱን ለሰባኪዎች፣ አዲሱን ፍልስፍና ለሊቃውንት፣ ንግዱንም ለነጋዴዎች አከፋፍለው ይሰጣሉ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከ1771 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ የጻፈውን የራሱን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሰው ግን በዚህ አከፋፈል አይረካም፤ ሦስቱንም በፊላዴልፊያ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያገኛቸዋልና።

ሰባኪው ጆርጅ ዋይትፊልድ በ1739 ወደ ከተማይቱ በመጣ ጊዜ የሆነውን እንመልከት። ፍራንክሊን ገና በልጅነቱ የመጻሕፍትን መገለጥ የተጠራጠረ ሰው ነው። ቢሆንም የዋይትፊልድን ስብከትና የጉዞ ማስታወሻ አትሞ ሸጠ፤ አተረፈም። በጆርጂያ ለሚሠራው የሙት ልጆች ቤት ገንዘብ ሲለመን ምንም ላለመስጠት ቈርጦ ከሄደ በኋላ፣ ስብከቱ እየገፋ ሲሄድ መጀመሪያ መዳቡን፣ ቀጥሎ ብሩን፣ በመጨረሻም ወርቁን ሁሉ አራግፎ እንደ ሰጠ በራሱ ላይ እየሳቀ ይነግረናል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ የሰባኪውን ድምፅ ርቀት ለክቶ፣ ከ30,000 በላይ ሰው ሊሰማው እንደሚችል አሰላ። (በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚጥም ገጽ አላገኘሁም።)

ጉድለቱ የሚታየው ደራሲው ሕሊናውን በሚመረምርበት ስፍራ ነው። በደሎቹን በአታሚዎች ቋንቋ «ኤራታ» ማለት የኅትመት ስሕተት ይላቸዋል። ከወንድሙ ዘንድ የሥራ ውሉን አፍርሶ መኰብለሉን፣ ለሌላ ሰው የሰበሰበውን ገንዘብ ማጥፋቱን፣ በ1725 በለንደን ያሳተመውን የፍልስፍና ጽሑፍ ሳይቀር ይቈጥራል። ፒዩሪታኖች ለንስሐ ያደርጉት የነበረውን የሕሊና ምርመራ እርሱ በሒሳብ መዝገብ መልክ ያዘው። ነገር ግን «ፔንሲልቬኒያ ጋዜት» በተባለው ጋዜጣው ስለሚሸጡና ስለኰበለሉ ባሮች የወጡት ማስታወቂያዎች፣ አንዳንዶቹም ገዢውን «አታሚውን ጠይቅ» ብለው ወደ ራሱ የሚመሩት፣ በዚህ መዝገብ የሉም። እርሱም ባሮች ነበሩት። ራሱ ከአሠሪው የኰበለለ ልጅ መሆኑን ስናስብ ዝምታው ይከብዳል።

«ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ አያጠግበኝም። ባሪያ አሳዳሪዎችን አጥብቆ የሚያወግዘውን የቤንጃሚን ሌይን መጽሐፍ በ1737 ያተመው ራሱ ፍራንክሊን ነው፤ የአታሚነት ስሙን ግን አላኖረበትም። ወርቁን ያራገፈለት ዋይትፊልድም በጆርጂያ ባርነት እንዲፈቀድ ተከራክሯል፤ ፈቃዱም በ1751 ጸና፤ የሙት ልጆቹ ቤት በባሮች ጉልበት ይረዳ ነበር። ስለ በጎ አድራጎቱ የሚያወራው ገጽ ይህን አይነካም።

ፍራንክሊን በስተርጅና አሳቡን መለወጡ እውነት ነው። በ1787 የፔንሲልቬኒያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በየካቲት 1790 ባርነት እንዲቀር ለኮንግረስ የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ፤ ከሁለት ወር በኋላም ሞተ። የሕይወቱን ታሪክ በእነዚያው ዓመታት ይጽፈው ነበር፤ በስሕተቶቹ ዝርዝር ላይ ግን ይህን አልጨመረም።