የሠርግ ፎቶግራፍ በሠዓሊ እጅ
በበርበሬ በረንዳ የሚዛንና የገበያ ሁካታ መካከል ኑሮውን ያቀና ነጋዴ፣ በሥርዓተ ተክሊል የተጋባበትን ዕለት የያዘችውን ትንሽ ፎቶግራፍ ለሠዓሊ ሰጥቶ በሸራ ላይ ሲያስሥል፣ ቀድሞ መኳንንትና ወይዛዝርት ባሳነጹት ቤተ ክርስቲያን፣ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ምስላቸውን ያሥሉበት የነበረውን ጥንታዊ ልማድ ወደ እልፍኙ ማስገባቱ ነው። ሠዓሊው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ቢሆን ፎቶግራፉን በካሬ ከፋፍሎ እያሰፋ ይገለብጣል፤ የቤተ ክህነት ሠዓሊ ቢሆን ግን ጻድቃንን በሁለት ዐይን፣ ኃጥኣንን በአንድ ዐይን የሚለየውን ሥርዓት ጠብቆ ሙሽሮቹን ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። ካሜራ በዕለቱ የተገኘውን ብቻ ይመዘግባል፤ ብሩሽ ግን ከሠርጉ አስቀድመው ያረፉትን አባት እንኳ ካባ አልብሶ በሙሽራው ቀኝ ለማቆም ሥልጣን አለውና፣ ዋጋው ቢከብድም ወጪው የሚመሰገን ነው።