ጥርስ ተቆጠረ፣ ልጁስ? ከውልደት ጀምሮ ጥርስ ለጎደላቸው ሕፃናት የሚቀርበው መጠይቅ ሲመረመር

ቻርልስ ዳርዊን ስለ ለማዳ እንስሳትና ስለ አዝርዕት መለዋወጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሲንድ ይኖር የነበረ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይገኛል። በአራት ትውልድ ውስጥ ዐሥር ወንዶች በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ በድምሩ አራት ትንንሽ የፊት ጥርሶችና ስምንት የኋላ ጥርሶች ብቻ እንደነበሯቸው፣ የሰውነታቸው ጠጉር የሳሳ እንደነበረ፣ በሙቀት ወራትም በቆዳቸው ድርቀት ይሠቃዩ እንደነበር ተጽፏል። ሴቶቹ ሳይታመሙ ችግሩን ለወንዶች ልጆቻቸው እንደሚያስተላልፉ እንኳ አልተዘነጋም። ይህ ሁኔታ ዛሬ ከኤክስ ክሮሞዞም ጋር የተያያዘ ኤክቶደርማል ዲስፕላሲያ በመባል ይታወቃል። ዘገባው ለዘመኑ የሚያስደንቅ ነው፤ ጥርሱን ቆጥሯል፣ የዘር ሐረጉንም ተከትሏል። እነዚያ ሰዎች ልጆች ሳሉ ከእኩዮቻቸው ጋር እንዴት እንዳደጉ ግን አንድም ቃል አይናገርም።

ቆጠራው አሁንም የበላይነቱን እንደያዘ ነው። በመጨረሻ የሚበቅሉት መንጋጋዎች ሳይጨመሩ እስከ አምስት ጥርስ የጎደለው ሃይፖዶንሺያ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የጎደለው ኦሊጎዶንሺያ፣ ጨርሶ የሌለው ደግሞ አኖዶንሺያ ይባላል። አከፋፈሉ ለሐኪም ይመቻል፤ ለልጁ ግን ብዙም ትርጉም የለውም። ከታችኛው መንጋጋ ሁለት ትንንሽ የኋላ ጥርሶች ያልበቀሉለት ልጅ ማንም ሳያውቅለት ሊያድግ ይችላል። ከላይ፣ ከመካከለኞቹ የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ያልበቀሉላት ልጅ ግን አፏን በከፈተች ቁጥር ትታያለች። በመዝገብ ላይ ሁለቱም «ቀላል» ተብለው በአንድ መደብ ይውላሉ።

ልጁን ራሱን ለመጠየቅ ከተደረጉት ጥረቶች አንዱና በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 አሌክሳንድራ ዮኮቪች፣ ዴቪድ ሎከርና ባልደረቦቻቸው በቶሮንቶ ያዘጋጁት፣ ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚቀርበው መጠይቅ ነው። ከ37ቱ ጥያቄዎች ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ማኅበራዊ ኑሮን የሚመለከተው ክፍል መሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። በክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብን ስለመሸሽ፣ ስለ መሰደብና ስለ መሳለቂያነት፣ ከሌሎች ልጆች ፊት ፈገግታን ስለመከልከል ይጠይቃል። ይህን ጠይቆ የማያውቅ ሐኪም ብዙ ነው።

ችግሩ ያለው በጥያቄዎቹ መነሻ ላይ ነው። ልጁ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በጥርሱ፣ በከንፈሩ፣ በአፉ ወይም በመንጋጋው ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እንደተቸገረ ይጠየቃል። ጥርሱ የተቦረቦረና ሌሊት በሕመም የነቃ ልጅ ለዚህ መልስ አያጣም፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ያውቀዋል። ጥርሱ ከመጀመሪያውም ያልበቀለለት ልጅ ግን የሚያነጻጽርበት «ከዚያ በፊት» የሚባል ጊዜ የለውም። ከጨዋታ መራቅ ጠባዩ ሆኗል። የሚሰድቡት ልጆች ካሉበት መሄድ ካቆመ ቆይቶ ከሆነ፣ «ባለፉት ሦስት ወራት ተሰድበሃል?» ሲባል «በፍጹም» ብሎ ይመልሳል፤ እውነቱንም ነው። ውጤቱ ግን ዝቅተኛ ይሆንና ችግር የሌለበት መስሎ ይቆጠራል። ኤክቶደርማል ዲስፕላሲያ ያለበት ልጅ ደግሞ ላብ ስለማያወጣ በቀትር ኳስ ለመጫወት አይችልም። ብቸኝነቱ ከጥርሱ ይሁን ከሙቀቱ እርሱ ራሱ ለይቶ እንዲናገር መጠበቅ ከልጅ ብዙ መጠየቅ ነው።

ጥናቶቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸው ስለዚህ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆንግ ኮንግ የቀረበው፣ ብዙ ጥርስ በጎደላቸው ጥቂት ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ማኅበራዊው ጫና የተስፋፋ መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን የተሠራው ደግሞ ዋናውን ልዩነት በማኘክ ላይ እንጂ በማኅበራዊ ኑሮ ላይ አላገኘም። ነገር ግን የለንደኖቹ ሕፃናት የተነጻጸሩት ጥርስ ለማስተካከል ከመጡ ሌሎች ሕፃናት ጋር ነበር፤ በጥርሱ ያፈረ ልጅ በጥርሱ ካፈረ ልጅ ጋር ቢመዘን ሚዛኑ እኩል መቆሙ የሚጠበቅ ነው።

መጠይቁ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢመለስ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በኢትዮጵያ ፍንጭት ውበት ነው፤ ወላቃ መባል ግን ስድብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቀው ሰፈሩ እንጂ ኤክስሬይ አይደለም። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ጭምትና ጨዋ ተብላ ስለምትመሰገን፣ መምህሩም እናቷም መደበቋን እንደ መልካም አስተዳደግ ሊያዩት ይችላሉ። ስለ ማኘክ የሚጠይቀው ዐረፍተ ነገር ፖም፣ የበቆሎ እሸትና ጥብስ ሥጋን በምሳሌነት ያነሣል። እዚህ የሚቀርበው ቆሎ ነው፤ ቆሎ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘገነ የሚበላ በመሆኑ አልበላም ማለት ከጓደኞች ገበታ መነሣት ነው። መጠይቁ ይህን ከማኘክ አገልግሎት እንጂ ከማኅበራዊ ኑሮ አይመድበውም። ክራንቻ ብቻ ሲጎድል ደግሞ የጤና ባለሙያው በሕፃንነት የወተት ጥርስ እንቡጥ በልማድ ተነቅሎ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ላይም ይህ ልማድ ያስከተለው ጉዳት ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ የሕክምና ውሳኔን ባይነካ ኖሮ የተመራማሪዎች ክርክር ሆኖ በቀረ ነበር። ኢምፕላንት በሚያድግ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ከተተከለ አብሮ ስለማያድግ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ጥለውት ይወጣሉ። ስለዚህ ምንም ጥርስ በሌለው የታችኛው መንጋጋ ፊት ላይ አንዳንዴ ከሚደረገው በስተቀር ዕድገት እስኪያበቃ ይጠበቃል። ይህ ትክክል ነው። ስሕተቱ የኢምፕላንትን ቀጠሮ የሕክምናው ሁሉ ቀጠሮ ማድረጉ ላይ ነው። ተወላቂ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሦስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ሊሠራና ልጁ ባደገ ቁጥር ሊቀየር ይችላል። በስድስትና በሰባት ዓመት የክፍሉ ልጆች ሁሉ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ስለሚታይ ማንም ማንን አያፌዝም፤ በዘጠኝ ዓመት ግን የሌሎቹ በቅሎ ያልበቀለላት ብቻዋን ትቀራለች። በካርዷ ላይ «የጎላ ችግር የለም፣ ስታድግ ትምጣ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጠሮዋ የሚደርሰው ትምህርት ቤቱን ከጨረሰች በኋላ ነው።