ፊደል ለመኪና ይከብዳልን? ስለ ባለ ሞግዚት የፕሮግራም ቋንቋዎች የቀረበ ሒስ

ይህን ሒስ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት በሻንቶ የገጠመን አንድ ነገር ነው። እኔና አንድ የልጅነት ባልንጀራዬ የተማሪዎችን ስም የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ ለአንድ ትምህርት ቤት ልንሠራ ተስማምተን ነበር። ትምህርት ቤቱ የፈለገው የያንዳንዱ ልጅ ስም ሁለት ጊዜ እንዲጻፍ ነው፤ አንድ ጊዜ በወላይትኛ፣ ይኸውም በላቲን ፊደል፤ አንድ ጊዜም ለቢሮ ሥራ እንዲመች በአማርኛ፣ ይኸውም በግዕዝ ፊደል። ሦስት ቀን ሙሉ ከወረቀቱ መዝገብ እየተቀባበልን ስም ስንጽፍ ሰነበትን። በአራተኛው ቀን የተቀመጠውን መዝገብ ከፍተን ብናይ በላቲን የተጻፈው ሁሉ ደኅና ነው፤ በፊደል የተጻፈው ግን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ፊደል ያለው ስም ሦስት የጥያቄ ምልክት፤ አምስት ፊደል ያለውም አምስት።

ባልንጀራዬ ብዙም ሳይናደድ፣ «ፊደሉን እንተወው፤ ለመኪና ይከብዳል፤ ቦታም ይፈጃል፤ ላቲኑ ይበቃል» አለ።

ይህ አነጋገር የእርሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስክሪብቶ ባላነሣሁም ነበር። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲውም ውስጥ ይህንኑ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በወላይታ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ የተማረው ሰው የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ከ1991 ወዲህ ግን ቋንቋው የሚጻፈው በላቲን ነው። አባት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ያነባሉ ማለት ነው። ለዚህ ለውጥ የቀረቡት ምክንያቶች የራሳቸው ናቸው፤ እኔም እዚህ ላይ ያንን ክርክር እንደገና ልከፍት አልፈልግም። ዳሩ ግን ስለ ፊደል በሚነሣ ክርክር ውስጥ መኪና እንደ ምስክር ከተጠራ፣ ምስክሩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ግን ባለ ሞግዚት ያልኋቸው ቋንቋዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ መናገር አለብኝ። በሲ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው በኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ ቦታ ሲፈልግ ራሱ ይጠይቃል፤ ሲጨርስም ራሱ ይመልሳል። መመለሱን ቢረሳ ቦታው እንደ ተያዘ ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ቢመልስ ፕሮግራሙ ይናጋል። በጃቫ፣ በፓይተን፣ በሲ ሻርፕና በጃቫስክሪፕት ግን ይህን ሥራ ራንታይም የሚባለው ሥርዓት ተረክቦታል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ንብረት በሞግዚት እንደሚተዳደር ማለት ነው። ሞግዚቱ ቦታ ይሰጣል፤ ማንም የማይደርስበትንም ዕቃ እየለየ ያነሣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲ ስለ ሊስፕ ቋንቋ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አሠራሩ ተገልጾ ይገኛል። የአንድሮይድ ስልኮችም እንዲህ ያለ ሞግዚት በውስጣቸው አለ፤ ስለዚህ በሻንቶ ገበያ እንዲህ ያለ ስልክ በኪሱ ይዞ የሚዘዋወር ገበሬ ሁሉ ሳያውቀው የዚህ ሥርዓት ተገልጋይ ነው።

ሞግዚት ያለ ደመወዝ አያገለግልም። ማቲው ኸርትዝና ኤመሪ በርገር በ2005 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሞግዚቱ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ቦታ ሲሰጠው ፕሮግራሙ ሰው በእጁ ከሚያስተዳድረው ጋር እኩል ይሮጣል፤ ቦታው ሦስት እጥፍ ብቻ ሲሆን በአማካይ 17 በመቶ ያዘግማል፤ ሁለት እጥፍ ሲሆን ደግሞ መዘግየቱ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። ርካሽ ስልክና አሮጌ ኮምፒዩተር ባለበት አገር ቦታ ማለት ፍጥነት ማለት መሆኑን ይህ ጥናት ያስረዳል። ስለዚህም «ፊደል ቦታ ይፈጃል» የሚለው ክስ እውነት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነገር አልነበረም።

እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን መቁጠር ያስፈልጋል። እስከ 2017 ድረስ የተለመደው የጃቫ ራንታይም ለማንኛውም ፊደል ሁለት ባይት ይመድብ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ጃቫ 9 ውስጥ አዲስ ውሳኔ ተደረገ። ስትሪንግ የሚባለው የፊደላት ሰንሰለት በምዕራብ አውሮፓ የላቲን ሠንጠረዥ ውስጥ ባሉት 256 ምልክቶች ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ለያንዳንዱ ምልክት አንድ ባይት ይበቃዋል፤ ከዚያ ሠንጠረዥ ውጭ የሆነ አንድ ምልክት እንኳ ካለበት ግን ሰንሰለቱ በሙሉ በሁለት ባይት ይጻፋል። ምክንያቱም በግልጽ ተነግሯል፤ ከብዙ ፕሮግራሞች በተሰበሰበው ማስረጃ መሠረት አብዛኛዎቹ ሰንሰለቶች የላቲን ስለ ሆኑ ግማሹ ቦታ በከንቱ ይባክን ነበር።

ይህን ውሳኔ እንደ በደል የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ውሳኔው ከላቲን ቀነሰ እንጂ በፊደል ላይ አንዳች አልጨመረም። ደግሞም የአገራችንን ስሞች ወስደን ብንቆጥር የሚገኘው ውጤት ያስገርማል። ሻንቶ በፊደል ሦስት ምልክት ስለ ሆነ ስድስት ባይት ይይዛል፤ በላቲን ስድስት ምልክት ስለ ሆነ እርሱም ስድስት ባይት ነው። ሶዶ በፊደል አራት፣ በላቲንም አራት። ወላይታ በፊደል ስምንት ባይት ነው፤ በላቲን ደግሞ ጠብቆ የሚነበበው ታ በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ ስምንት ምልክት፣ ስምንት ባይት ይሆናል። ዳሞት ፑላሳ ብቻ በፊደል 14፣ በላቲን 12 ይሆናል፤ ባዶ ቦታውም ሳይቀር ሁለት ባይት ስለሚከፍል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይሸከማል፤ ላቲን ለሁለቱ ሁለት ምልክት ይፈልጋል፤ ወላይትኛ ሲጻፍበትም ለሚጠብቀው ድምፅና ለሚረዝመው አናባቢ ሌላ ምልክት ይጨምራል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሞግዚቱ እያንዳንዱን ሰንሰለት ባዶውን አያስቀምጠውም፤ ስለ ሰንሰለቱ የሚገልጽ መለያ ይጨምርበታል፤ ቦታውንም በስምንት ባይት እያጠጋጋ ይሰጣል። በጃቫ 17፣ በ64 ቢት ኮምፒዩተር ላይ በተለመደው አሠራር የስትሪንጉ መለያ ብቻ 24 ባይት ነው፤ ፊደላቱን የያዘው ክፍል ደግሞ የራሱ 16 ባይት መለያ አለው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሻንቶ በፊደልም በላቲንም 48 ባይት ይሆናል። ሶዶም 48፤ ወላይታም 48። ልዩነት አላት ያልናት ዳሞት ፑላሳ እንኳ ከተጠጋጋች በኋላ በሁለቱም 56 ናት። ባልንጀራዬ የከሰሰው ፊደል ከክሱ ነፃ ወጣ ማለት ነው፤ ቦታውን የፈጀው የሞግዚቱ መለያ ነውና።

ስሞቹ በዲስክ ላይ ሲቀመጡ ወይም በመስመር ሲላኩ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ሻንቶ በፊደል ዘጠኝ፣ በላቲን ስድስት ይሆናል። በዚህ ባልንጀራዬ እውነት አለው። ነገር ግን የአንድ ልጅ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ከአንድ ሺህ ልጆች ስም በቀላሉ ይበልጣል፤ ፎቶግራፉን ደግሞ ማንም እንተወው አላለም።

ታዲያ ራንታይሙ የሚወቀስበት የለም ወይ? አለ፤ ሰው ከሚያስበው ሌላ ቦታ ነው እንጂ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ድብልቅ ጽሑፍ ነው። በላቲን የተጻፈ 2,000 ምልክት ያለው አንድ የወላይትኛ ገጽ በአንድ ሰንሰለት ቢያዝ 2,000 ባይት ይወስዳል። በዚያ ገጽ መካከል ሻንቶ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ በፊደል ቢገባ ግን ገጹ 2,003 ምልክት፣ 4,006 ባይት ይሆናል። ሦስት ፊደላት መላውን ገጽ እጥፍ ያስከፍሉታል። ውሳኔውን ያወጡት ሰዎች ጽሑፍ ወይ የላቲን ነው፣ ወይ የላቲን አይደለም ብለው ያሰቡ ይመስላል። በወላይታ ግን ጽሑፍ ሁለቱንም ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው በአማርኛ ጀምሮ የቀበሌውን ስም በላቲን ይጨምራል፤ መምህሩም በወላይትኛ ጀምሮ በፊደል ይፈርማል። አንድ ገጽ በሁለት ፊደል የሚጻፍበት አገር እንዳለ ያስታወሰ ሰው ሰንሰለቱን በክፍል በክፍል ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። ሥራው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አይቻልም የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ጃቫ በ1995 ሲወጣ የዓለም ፊደል ሁሉ በ65,536 ቁጥሮች ውስጥ ይገባል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ለአንድ ምልክት 16 ቢት ተወሰነ። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ግን ገና በ1996 ከዚያ ወሰን ማለፍ እንደሚያስፈልግ ተቀበለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ሲገባ በወሰኑ ውስጥ ቦታ ስላገኘ እኛ አልተነካንም። በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የተጨመሩት 28 ፊደላት ግን ከወሰኑ ውጭ ወደቁ። ጃቫ እነዚህን እያንዳንዳቸውን ለሁለት ከፍሎ ይይዛቸዋል። የቃሉን ርዝመት ቢጠይቁት አንዱን ፊደል ሁለት ብሎ ይቆጥራል፤ ቃሉንም በቁጥር ቆርጠህ ስጠኝ ቢሉት ፊደሉን ከወገቡ ሊቆርጠው ይችላል። በ2004 በወጣው ጃቫ 5 በትክክል ለመቁጠር የሚያስችል መንገድ ተጨምሯል፤ ነገር ግን የቀድሞው መንገድ አጭርና የተለመደ ስለ ሆነ ተማሪ ሁሉ የሚማረው እርሱን ነው። መሐንዲስ አያና ብሩ ፊደላችንን ለላቲን በተሠራ የጽሕፈት መኪና ላይ ሲያውሉት ፊደሉን ከነቅጥያው መነጣጠል ግድ ሆኖባቸው ነበር፤ በዚያም ምክንያት ሲወቀሱ ኖረዋል። እርሳቸው ያን ያደረጉት ብረት ስላስገደዳቸው ነው። ጃቫን ያስገደደው ግን ብረት ሳይሆን ራሱ የወሰነው ቁጥር ነው።

ፓይተን በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ግን በሌላ በኩል ያስከፍላል። ከ2012 ጀምሮ፣ ይኸውም ከ3.3 ወዲህ፣ ፓይተን ለሰንሰለቱ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ባይት የሚመርጠው በውስጡ ያለውን ትልቁን ምልክት አይቶ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹ የጉራጌ ፊደላት አንዱን በትክክል አንድ ብሎ ይቆጥራል። ነገር ግን 2,000 ምልክት ያለው የአማርኛ ገጽ ላይ ያ አንድ ፊደል ቢጨመር ገጹ ከ4,000 ባይት ወደ 8,004 ባይት ይዘላል፤ በጃቫ 4,004 ብቻ ይሆን ነበር። አንዱ ቆጠራውን አሳምሮ ቦታ ያባክናል፤ ሌላው ቦታ ቆጥቦ ቆጠራውን ያበላሻል። እኔ ብመርጥ ቆጠራውን እመርጣለሁ፤ የተባከነ ቦታ ያዘገያል እንጂ የሰውን ስም አይቆርጥምና።

ሦስተኛው ስለ ተመራማሪዎቹ ነው። የራንታይም ጥናት የሚመዘነው በታወቁ የመፈተኛ ፕሮግራሞች ነው፤ ከእነዚህም መካከል በ2006 የወጣው ዳካፖ የተባለው ስብስብ ዋነኛው ሊባል ይችላል። በእርሱ ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልገው ፈተና የሚሠራው በሼክስፒር ድርሰቶችና በኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ስለ ሆንሁ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የመጀመሪያውን በግድ፣ ሁለተኛውን በውድ አንብቤአለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱም እንግሊዝኛ ናቸው። ሁሉ ነገራቸው በአንድ ባይት መንገድ ያልፋል፤ ፊደላችን የሚሄድበት ባለ ሁለት ባይት መንገድ በእነርሱ አይፈተንም፤ ድብልቁማ ከነጭራሹ አይታሰብም። ያልተፈተነ መንገድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። በ1962 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከኪንግ ጄምስ አጠገብ ቢቀመጥ ያው ፕሮግራም፣ ያው መጽሐፍ፣ ሌላ ፊደል ይሆን ነበር፤ ልዩነቱም በቁጥር ይታይ ነበር። ይህን ለመሥራት የእኛ ተማሪዎች የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ ስብስቡ ለሁሉ ክፍት ነው።

ወደ ጥያቄ ምልክቶቹ ልመለስ። ምክንያቱን ያገኘሁት አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ነው። የተጠቀምንበት ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ጃቫ 8 ነበር። ከ2022ቱ ጃቫ 18 በፊት ጃቫ ጽሑፍ ሲያስቀምጥ በምን አጻጻፍ እንደሆነ ካልተነገረው የኮምፒዩተሩን ልማድ ይከተል ነበር፤ የዚያ ኮምፒዩተር ልማድ ደግሞ የምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ ነበር። በሠንጠረዡ ያላገኘውን ፊደል ሁሉ፣ ስሕተት አለ ብሎ ሳይጮህ፣ በጥያቄ ምልክት ለውጦ አስቀመጠ። ዩቲኤፍ 8 ብለን አለመጻፋችን የእኛ ጥፋት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሞግዚት የተባለ ሥርዓት ሦስት ቀን ሙሉ ንብረታችንን እየጣለ አንዲት ቃል አለመተንፈሱን ምን እንደምለው አላውቅም። ቦታ ቢያልቅበት ይጮሃል፤ ስም ሲጠፋ ግን ዝም ይላል።

የጥያቄ ምልክት ወደ ፊደል አይመለስም። ስለዚህ ባልንጀራዬ በሻንቶ የወረቀቱን መዝገብ እንደገና ገልጦ የፊደሉን ስሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ ጽፏቸዋል፤ እኔም የጎደለችውን አንዲት መስመር በስልክ ነግሬው ጨምሯታል። ፊደል ይከብዳል ማለቱን እስካሁን አልተወም፤ አሁን የሚያማርረው ግን ስለ ማስታወሻ ቦታ ሳይሆን፣ ሻ ለማለት ሦስት ቁልፍ መምታት ስላለበት ነው።