ብርዱ የሚደብቀው ሙቀት

ደብረ ብርሃን ላይ ሞተርን በእጅ ዳብሶ «ደህና ነው» ማለት ይቀላል። ጠባቂው በርኖስ ደርቦ በሚያድርበት አገር የማይቀዘቅዝ ነገር የለም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም ግን፣ ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በቀር፣ እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ላለ ቦታ ነው። እኛ ያለነው 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መሐል ሜዳማ ከ3000ም ያልፋል። አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት ጠርጎ የማውጣት ጉልበት ያንሰዋል። ብርዱ የሰጠንን ስስነቱ መልሶ ይወስድብናል። የሞተሩ ፍጥነት በኢንቨርተር ሲወርድ ደግሞ ዘንጉ ላይ ያለው ቬንትሌተርም አብሮ ይዘገያል።

ስለዚህ መለካት ነው። ከኢንቨርተር የሚወጣው ቮልቴጅ በሰከንድ ሺህ ጊዜያት የሚቆራረጥ በመሆኑ ለ50 ሄርዝ የተሠራ ተራ ክላምፕ ሜትር አይታመንም፤ ሰፊ ፍሪኩዌንሲ የሚያነብ ፓወር አናላይዘር ይፈልጋል። መሣሪያው ቢገኝም ሒሳቡ ያስቸግራል። 40 ኪሎዋት ገብቶ በዘንጉ 37 ቢወጣ ብክነቱ 3 ነው። በሁለቱ ንባቦች ላይ ግማሽ ፐርሰንት ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ቢገባ ግን፣ ያ 3 የተባለው 2.6 ወይም 3.4 ሊሆን ይችላል። ሁለት ጆንያ ገብስ መዝኖ፣ በልዩነቱ የእፍኝ ዋጋ እንደማውጣት ነው።

እኔ የምመርጠው ብክነቱን በየቦታው መፈለግ ነው፦ በመዳቡ፣ በብረቱ፣ በኩሽኔታውና በቬንትሌተሩ። የመዳቡ ከጥቅልሉ ሬዚስታንስ ይገኛል፤ የእኛ ማለዳ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። በ10 ዲግሪ የተለካ ጥቅልል 90 ዲግሪ ሲደርስ ሬዚስታንሱ በሢሶ ያህል ይጨምራል፤ በማለዳው ቁጥር ያሰላ ሰው የመዳቡን ብክነት በሩብ አሳንሶ ያያል። መለካት ያለበት ሞተሩ በጭነት ሞቆ እንደቆመ፣ ገመዱ ከኢንቨርተሩ ተፈትቶ ነው። ከመፍታት በፊት የኢንቨርተሩ ካፓሲተር ቮልቴጅ መውረዱ ይረጋገጣል፤ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። በየጥቂት ሰከንዱ አንብቤ የንባቦቹን መስመር ሞተሩ ወደ ቆመበት ቅጽበት መልሼ እስበዋለሁ።

ኢንቨርተሩ የጨመረውን ለማወቅ ሞተሩን በእኩል ጭነት፣ በእኩል ቮልቴጅና በ50 ሄርዝ አንዴ ከመስመር፣ አንዴ ከኢንቨርተሩ አሠራዋለሁ። መለኪያው አንድ ስለሆነ ስህተቱ በከፊል ይጣፋል። የመቆራረጡን ፍጥነት ከፍ ሲያደርጉት ሞተሩ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም በመጠኑ ይረግባል፤ የኢንቨርተሩ ግን ይጨምራል። እሱም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስስ አየር ነው፤ ብዙ አምራቾች ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 ፐርሰንት ያህል አቅም ቀንሱለት ይላሉ። ስለዚህ ከኢንቨርተሩ በፊትም በኋላም እለካለሁ። የመብራት ቆጣሪው የሚያነበው የፊተኛውን ነው።